ከቁመት ባሻገር፦ የጆርጅ ማይካንን ጨዋታ እንዴት እንመዝን?

ረጅም ሰው ቅርጫት ሥር ቆሞ ነጥብ ሲያስቆጥር ተመልካች ብዙም አይደነቅም። «ለእሱማ ምን ያቅተዋል፣ እጁን ከዘረጋ ይደርሳል» ተብሎ ይታለፋል። ከሩቅ ወርውሮ ላገባ አጭር ተጫዋች ግን አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። በቅርጫት ኳስ ተመልካች ዘንድ ይህን ያህል ሥር የሰደደ የተዛባ ፍርድ አላውቅም። የሴንተር ሥራ በሜዳው ላይ ካሉት ሥራዎች ሁሉ ጥቂቱ የሚታይ፣ ብዙው የሚደበቅ ሙያ ነው። የተደበቀውን ለማየት ዐይን መሠልጠን አለበት። ለዚህ ሥልጠና ደግሞ ከሚኒያፖሊስ ሌከርሱ ጆርጅ ማይካን የተሻለ መጀመሪያ ያለ አይመስለኝም።

ማይካን እ.ኤ.አ. በ1924 በኢሊኖይ ግዛት ጆሊየት በምትባል ከተማ ተወለደ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 111 ኪሎ ገደማ ነበር። ዐይኑ ደካማ ስለነበር ወፍራም መነጽሩን ሳያወልቅ ነው የተጫወተው፤ የማልያው ቁጥር 99 ነበር። በ1946 ወደ ፕሮፌሽናል ጨዋታ ከገባ ጀምሮ በነበሩት ስምንት የውድድር ዘመናት ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፤ አንዱን በ1947 ከቺካጎ አሜሪካን ጊርስ ጋር፣ ስድስቱን ከሌከርስ ጋር። በ1950 አሶሺዬትድ ፕሬስ ባሰባሰበው ድምፅ የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ምርጥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ተባለ።

በዚህ መዝገብ ላይ የሚከራከር የለም። ክርክሩ «ረጅም ስለሆነ ነዋ» በሚለው ላይ ነው። ለዚህ የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው፦ ረጅሙ እሱ ብቻ አልነበረም። እንደ ዶን ኦተንና ላሪ ፋውስት ያሉ፣ በቁመት ከእሱ የማይተናነሱ ጥሩ ሴንተሮች በዚያው ዘመን ተጫውተዋል። ከመካከላቸው ሊጉ (የዛሬው ኤንቢኤ) የሜዳውን መስመር እንደገና እንዲያሰምር ያስገደደው ግን ማይካን ብቻ ነው። በቁመት እኩል የሆኑ ሰዎች በሥራ ይህን ያህል ከተራራቁ ልዩነቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይላል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከአሠራሩ ነው። ማይካን ቀልጣፋ ሆኖ የተወለደ ልጅ አልነበረም። በልጅነቱ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ውሏል። ካህን ለመሆን አስቦም ቺካጎ በሚገኝ የካቶሊክ ሴሚናሪ ተምሯል። ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ሲፈተን አሠልጣኙ ጆርጅ ኪዮጋን እንቅስቃሴው ድንዝዝ ያለ ነው ብሎ መለሰው። በ1942 ግን ሬይ ሜየር የሚባል የ28 ዓመት ወጣት ከኖትር ዳም ምክትል አሠልጣኝነት ወደ ቺካጎው ዲፖል ዩኒቨርሲቲ በዋና አሠልጣኝነት መጣ። ሌሎች ግዙፍና ጎታታ ያሉትን ልጅ ሜየር ገና ያልተሠራ ተጫዋች አድርጎ አየው።

ሜየር ያደረገው በዚያን ጊዜ ለረጅም ተጫዋች ተደርጎ የማያውቅ ነገር ነበር። ገመድ አዘለለው። ቦክስ አለማመደው። እግሩ ምት እንዲለምድ ዳንስ እንዲማር አደረገ። ቁመቱ አጭር፣ ሩጫው ፈጣን የሆነ ተጫዋች እያቀረበለት «ይህን ያዝ፣ እንዳያልፍህ» ይለው ነበር። ከዚያ በኋላ ዋናው መጣ፦ በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር ውርወራ፣ መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎም በዚያው ቁጥር በግራ። በሦስተኛ ዓመቱ፣ በ1945፣ ዲፖል በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሮድ አይላንድን 97 ለ53 ሲያሸንፍ ማይካን ብቻውን 53 ነጥብ አስቆጠረ፤ የተጋጣሚው ቡድን በሙሉ ያገኘውን ያህል ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለአድናቆት ብቻ አይደለም። ማይካን መማሪያ የሚሆነን በዚህ የተነሣ ነው። በተፈጥሮ የቀለለለት ተጫዋች ምን እንዳደረገ ለማወቅ ያስቸግራል፤ እንቅስቃሴው ሁሉ አንድ ላይ ይፈስሳል። የማይካን ጨዋታ ግን ቁራጭ በቁራጭ የተገጣጠመ ስለሆነ የትኛው እንቅስቃሴ ምን እንደሚሠራ ለይቶ ማየት ይቻላል። ከዘመኑ የተረፉት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ጥራታቸው ደካማ ቢሆንም ለዚህ ሥራ በቂ ናቸው።

ታዲያ ፊልሙን ስትመለከቱ ኳሱን አትከተሉ። ይህ የመጀመሪያውም የሁሉም መሠረት የሆነውም ምክሬ ነው። ዐይናችሁን እግሩ ላይ አድርጉ። ሸማኔ ሲሠራ ሰው የሚያየው መወርወሪያውን የሚያመላልሰውን እጅ ነው፤ ድሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን ጉድጓዱ ውስጥ ያለው እግር ነው። ማይካንም እንደዚያ ነው። ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ይቆማል፤ ኳሱ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እግሩ ነው። በቀኝ እጁ ሊወረውር ከሆነ በግራ እግሩ አንድ ረጅም እርምጃ ይራመዳል፤ በዚያች እርምጃ ሰውነቱ በጎን ይዞርና ትከሻው በተከላካዩና በኳሱ መካከል ይገባል። ቀኝ ጉልበቱ ይነሣል፤ ክንዱ ከጎን ተነሥቶ ከራሱ በላይ ቅስት ሠርቶ ኳሱን ይለቃል። ሁክ ሹት የሚባለው ይህ ነው። ተከላካዩ ሊደርስበት የሚችለው የማይካንን ሰውነት ተሻግሮ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ወይ ፋውል ነው፣ ወይ የማይሆን ነገር ነው።

ከዚህ ላይ ቁመት የሚጨምረው ጥቂት ነው። እርምጃዋ ካጠረች ትከሻው ኳሱን አይሸፍንም። እርምጃዋ ከረዘመች ሚዛኑን ይስታል፣ ኳሱም ከሰሌዳው ጀርባ ይሄዳል። ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲዛወር ትንሽ እንኳ ከዘገየ ተከላካዩ ቀድሞ ይቆማል። ጥሩ ሁክ ሹት የምትለየው ውርወራው ሲያልቅ ነው፦ ተጫዋቹ ሁለት እግሩ ላይ ተረጋግቶ፣ ፊቱን ወደ ቅርጫቱ አድርጎ ካረፈ ሥራው ንጹሕ ነው፤ ኳሱ ቢስት እንኳ ሪባውንዱን ለማንሣት ዝግጁ ነው። ወደ ጎን እየወደቀ ከጨረሰ ግን ኳሱ ቢገባም ሥራው ጎደሎ ነው። ማይካን ከብዙ ግፊያ መካከል ወጥቶ በሁለት እግሩ ሲያርፍ የሚታይባቸው ቅጽበቶች ለእኔ የፊልሞቹ ሁሉ ምርጥ ክፍሎች ናቸው።

ቀጥሎ ኳሱ የት ከፍታ ላይ እንዳለ ተመልከቱ። ደካማ ረጅም ተጫዋች ኳስ ሲይዝ ወደ ወገቡ ያወርደዋል፤ ሲያወርደው ቁመቱን በገዛ እጁ ለአጭሮቹ ያካፍላል። ከታች የመጣ ፈጣን እጅ ይነጥቀዋል። ማይካን ሪባውንድ አንሥቶ እንደገና እስኪወረውር ድረስ ኳሱን ከትከሻው በታች እንዳያወርድ ተደርጎ ሠልጥኗል። ዛሬ በየሀገሩ «የማይካን ድሪል» እየተባለ የሚሠራው ልምምድ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ቅርጫቱ ሥር ትቆማላችሁ። በቀኝ በኩል አንድ እርምጃ፣ በቀኝ እጅ ውርወራ። ኳሱ ከመረቡ ሲወጣ መሬት ሳይነካ ትቀልቡታላችሁ፣ ሳታወርዱት ወደ ግራ አንድ እርምጃ፣ በግራ እጅ ውርወራ። ከዚያ እንደገና ወደ ቀኝ። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ትከሻ ሲዝል፣ እግርና እጅ ሲጣሉ ነው ክብደቱ የሚታወቀው። በኋላ የሊጉ የምንጊዜም ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ሆኖ እስከ 2023 የቆየው ካሪም አብዱል ጀባር በልጅነቱ ይህን ልምምድ ተምሮ እንዳደገ ተናግሯል። የዝነኛው ስካይ ሁኩ ሥር ይህ ነው።

ሦስተኛው ነገር ግራ እጅ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ተጫዋቾች በአንድ እጅ ብቻ ይጨርሱ ነበር፤ ተከላካይ ያንን ጎን ከዘጋ ነገሩ ያበቃል። ማይካንን የሚይዝ ሰው ግን የትኛውን ጎን እንደሚዘጋ መምረጥ ነበረበት፤ የመረጠውም ሁልጊዜ ያስከፍለዋል። በአጠቃላይ አንድ ሴንተር በግራና በቀኝ ትከሻው ላይ እኩል መዞር ካልቻለ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያምር፣ እኔ ግማሽ ሴንተር ነው የምለው።

ከኳሱ በፊት ያለውንም ሥራ አትርሱ። ማይካን ኳስ ከመቀበሉ በፊት ቦታውን ያሸንፋል፤ በጀርባውና በዳሌው ተከላካዩን ወደሚፈልገው ጎን ገፍቶ ያስቀምጠዋል። ኳሱ ሲደርሰው ግማሹ ሥራ አልቋል። እዚህ ላይ የሚደነቀው ሥራ ካሜራው በሌላኛው የሜዳ ጠርዝ ላይ እያለ የተሠራ ነው፤ ስለዚህም ነው ብዙ ሰው የማያየው።

ወደ ቁጥሮች እንምጣ። ቁጥር ከዘመኑ ተነጥሎ ከተነበበ ያሳስታል። በ1950–51 ማይካን በጨዋታ በአማካይ 28.4 ነጥብ አስቆጠረ። ለዛሬ አንባቢ ይህ ጥሩ፣ ግን የተለመደ ቁጥር ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ የሚያስቆጥረው በአማካይ 84 ነጥብ ገደማ ነበር፤ ከቡድኑ ነጥብ ሲሶውን እሱ ያገባ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ከወረወራቸው ኳሶች ከመቶ 43 ያህሉ ገብተዋል። ይህም ዛሬ ለሴንተር ዝቅተኛ ነው፤ የሊጉ ሁሉ አማካይ ግን ከመቶ 36 ገደማ ነበር። የዘመኑን ሜዳና የዘመኑን ግፊያ ሳያስታውሱ የድሮን ተጫዋች በዛሬ መቶኛ መንቀፍ ፍርድ ማጣት ነው።

እኔ ከቁጥሮቹ ሁሉ አብልጬ የምይዘው አንዱን ነው፦ ፍሪ ስሮው። በቅጣት መስመር ላይ ቁመት ምንም አይጠቅምም፤ የሚከላከል የለም፣ የሚገፋ የለም፣ እጅና ትንፋሽ ብቻ ናቸው። ማይካን በሊጉ በቆየበት ጊዜ ከመቶ 78 አግብቷል። ከእሱ በኋላ የመጡት ኃያላን ረጃጅሞች በዚህ መስመር ላይ ምን እንደሆኑ አስታውሱ፤ ዊልት ቼምበርሊን ከመቶ 51፣ ሻኪል ኦኔል ከመቶ 53። ማይካን ላይ ፋውል መሥራት መፍትሔ አልሆነም። «ቁመቱ ነው» ለሚል ሰው የምሰጠው አጭሩ መልስ ይህ ነው።

ረጅሙ መልስ ደግሞ የሕጉ ታሪክ ነው። ማይካን ገና ኮሌጅ ሳለ ከቅርጫቱ በላይ የሚወርዱ ኳሶችን እየመታ ያወጣ ነበር፤ የኦክላሆማው ቦብ ከርላንድም እንዲሁ። በ1944 የኮሌጅ ውድድር ይህን ከለከለ። ማይካን ነጥብ ማስቆጠሩን ቀጠለ።

በኅዳር 1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ላይ ሌላ ዘዴ ሞከሩ፦ ኳሱን ይዞ መቆም። በዚያን ጊዜ ቡድን ኳስ ይዞ የሚቆይበት የጊዜ ገደብ አልነበረም። ማይካን ኳስ እንዳያገኝ ፒስተንሶች ሳይወረውሩ ቆሙ፣ ተቀባበሉ፣ ቆሙ። ጨዋታው 19 ለ18 አለቀ፤ በሊጉ ታሪክ ከዚያ ያነሰ ነጥብ የታየበት ጨዋታ የለም። ፒስተንሶች በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አሸነፉ። ከሌከርስ 18 ነጥቦች ውስጥ ግን 15ቱ የማይካን ነበሩ። አንድን ባለሙያ ለመመዘን ወዳጆቹ ከሚሉት ይልቅ ተጋጣሚዎቹ እሱን ሽሽት የሚከፍሉትን ዋጋ ማየት ይሻላል። ፒስተንሶች የከፈሉት ጨዋታውን ራሱን ነው፤ ሊያየው የመጣው ሕዝብ ተቆጥቶ ነበር። በ1954 የሲራኪዩዙ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያሶን ያመጣው የ24 ሰከንድ ሕግ ሲጸድቅ እንዲህ ያለው ኳስ ይዞ መቆም ቀረ።

ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ግን በ1951 መጣ። ቅርጫቱ ሥር ያለው የሦስት ሰከንድ ክልል ስፋቱ 1.83 ሜትር ነበር። ማይካን ከዳሩ ቆሞ ኳስ ሲቀበል ከቅርጫቱ መሐል በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ሊጉ ክልሉን እጥፍ አድርጎ ወደ 3.66 ሜትር አሰፋው። ዓላማው ከማንም አልተደበቀም፤ አንድ ሰው ከቅርጫቱ እንዲርቅ ነው።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መፍረድ ያስፈልጋል። ማይካን ተጎድቷል። አማካይ ነጥቡ ከ28.4 ወደ 23.8 ወረደ፤ ከመቶ 43 የነበረው የማግባት መጠኑ ወደ 38.5 ዝቅ አለ። የነጥብ አስቆጣሪነቱን ደረጃ ለፊላደልፊያው ፖል አሪዚን አስረከበ። እዚህ ቆሞ የሚፈርድ ሰው «አያችሁ፣ ቦታው ነበር» ይላል። ወደፊት ከሄድን ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። በዚያው የውድድር ዘመን፣ በጥር 1952፣ ሁለት ጊዜ በተራዘመ ጨዋታ ሮቸስተር ላይ 61 ነጥብ አስቆጠረ፤ የሕይወቱ ከፍተኛ ቁጥር የመጣው በሰፊው ክልል ነው። በቀጣዩ ዓመት በሪባውንድ በጨዋታ 14.4 እያነሣ ሊጉን መራ። ሌከርስ በጠባቡ ክልል በዚህ ሊግ ሁለት ዋንጫ ነበራቸው (ከስድስቱ አንዱ የተገኘው በሌላ ሊግ ነው)፤ በሰፊው ክልል በ1952፣ በ1953 እና በ1954 ተከታትለው ሦስት አነሡ። እርምጃዋ ረዘመች፣ ሁኩ ከራቀ ቦታ መጣ፣ ነጥቡ ቀነሰ፣ ቡድኑ ግን ይበልጥ አሸነፈ። ቦታውን ወስደውበት ሙያው ቀረለት።

በመጋቢት 1954 ደግሞ ሊጉ ከሚልዋኪ ሆክስ ጋር በተደረገ አንድ ጨዋታ ላይ ቅርጫቱን ከ3.05 ሜትር ወደ 3.66 ሜትር ከፍ አድርጎ ሞከረ። ሌከርስ 65 ለ63 አሸነፉ፤ ሙከራው አልተደገመም። ቅርጫት ሲርቅ የሚቸገረው ሁሉም ነው፤ የሳተውን ኳስ የሚያነሣው ግን አሁንም ረጅሙ ነው።

ጥሩ ሴንተር ጓደኞቹን የሚያሻሽል መሆን አለመሆኑንም መመዘን ይገባል። በታኅሣሥ 1949 ሌከርስ ከኒው ዮርኩ ቡድን ከኒክስ ጋር ሊጫወቱ ሲሄዱ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በር ላይ በትልቁ የተሰቀለው ጽሑፍ «ጆርጅ ማይካን ከኒክስ» የሚል ነበር። ጓደኞቹ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ተቀምጠው «ከኒክስ ጋር የምትጫወተው አንተ ከሆንክ ሂድና ተጫወት» ብለው እንደቀለዱበት ይነገራል። እውነቱ ግን ከጽሑፉ የተለየ ነው። ከማይካን ጋር ዝላዩ የሚያስደንቀው ጂም ፖላርድ፣ ቨርን ሚኬልሰንና ትንሹ ኳስ አቀባይ ስሌተር ማርቲን ነበሩ፤ ሦስቱም ከአሠልጣኛቸው ከጆን ኩንድላ ጋር በቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ስማቸው ሰፍሯል። ኳስ ማይካን ዘንድ ሲገባ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሰው ይከብበዋል፤ ከዚያ ውስጥ ኳሱን ለፖላርድ አውጥቶ የሚሰጥባቸው ቅጽበቶች ነጥብ ከሚያስቆጥርባቸው ያላነሰ ያስደስታሉ። ዋጋም ነበረው። ሚኬልሰን ኮሌጅ ሳለ ሴንተር ነበር፤ ማይካን ቦታውን ስለያዘ ፊቱን ወደ ቅርጫቱ አዙሮ መጫወትን ከሥሩ መማር ነበረበት። ተማረውም፤ ዛሬ ፓወር ፎርዋርድ የሚባለው ሚና ከጀማሪዎቹ አንዱ እሱ ነው።

ጉድለቱን መዝለል አልፈልግም። ማይካን በሩጫ ዘገምተኛ ነበር፤ ጓደኞቹ እሱ እስኪደርስ ኳሱን ይዘው ይጠብቁ ነበር። ግራ ክርኑ የታወቀ መሣሪያ ነበር። ቦታ ለማስከበር ክንድን መዘርጋት ሙያ ነው፤ ሰው ለመጣል መዘርጋት ግን ሙያ አይደለም፤ ማይካን ሁለቱንም አድርጓል። በሦስት የተለያዩ ዓመታት ብዙ ፋውል በመሥራት ሊጉን መርቷል። በ1954 ከተሰናበተ በኋላ በ1955–56 ተመልሶ 37 ጨዋታ ሲጫወት አማካዩ 10.5 ነበር። በመካከሉ የ24 ሰከንዱ ሕግ ገብቶ ጨዋታው መሮጥ ጀምሯል፤ እግሩም ከብዷል። ማይካን የዝግተኛው ቅርጫት ኳስ ንጉሥ ነበር፤ በፈጣኑ ውስጥ ቢወለድ ኖሮም እንደዚያው ይነግሥ ነበር ብዬ አልከራከርም።

ከዚህ የከበደ ሌላ ጉዳይ አለ። እስከ 1950 ድረስ በሊጉ ጥቁር አሜሪካዊ አልተጫወተም። ቸክ ኩፐር፣ ናት ክሊፍተንና ኧርል ሎይድ የገቡት በዚያ ዓመት ነው። ስለዚህ የማይካን የመጀመሪያዎቹ የሊግ ዋንጫዎች የተገኙት ከሀገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ብዙዎቹ በር ላይ በተከለከሉበት ውድድር ነው። በየካቲት 1948 ሌከርስ ቺካጎ ላይ ጥቁር ተጫዋቾች ብቻ ካሉበት ሃርለም ግሎብትሮተርስ ጋር ተጋጠሙ። ማይካን 24 ነጥብ አስቆጠረ፤ ግሎብትሮተርስ ግን ኤርመር ሮቢንሰን በመጨረሻዋ ቅጽበት ከሩቅ በወረወረው ኳስ 61 ለ59 አሸነፉ። በቀጣዩ ዓመትም ደገሙት። የዘመኑን ዋንጫ ስንቆጥር ይህን ውጤት ከጎኑ ማስቀመጥ ግዴታችን ነው። የማይካንን እግርና እጅ አያሳንስም፤ የሊጉን ሚዛን ግን ያስተካክላል።

ስለ ጀግንነቱም ብዙ ይወራል። በ1949 ፍጻሜ በሬድ አወርባክ ከሚሠለጥነው ዋሽንግተን ካፒቶልስ ጋር ሲጫወት በአራተኛው ጨዋታ የእጁ አንጓ ተሰበረ፤ በአምስተኛው ጀሶ እንደታሰረ ገብቶ 22 ነጥብ አስቆጠረ፤ በስድስተኛው 29 አስቆጥሮ ሌከርስ ዋንጫውን ወሰዱ። በጨዋታ ዘመኑ ብዙ አጥንት ተሰብሮበታል። ሕመምን መቻል ያስከብራል፤ እኔ ግን ከሙያ መለኪያ ውስጥ አላስገባውም። ተሰብሮ የተጫወተ መጥፎ ተጫዋችም ብዙ አለ። ከዚያ ጀሶ ታሪክ ለሙያ ፈራጅ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ እጁ ሲታሰር የማይፈርስ ጨዋታ ሁለቱም እጆች በሠለጠኑበት ሰው ላይ ብቻ ነው የሚገኘው።

ከጨዋታ በኋላ ማይካን በሕግ ሙያ ሠራ፤ በ1967 ኤቢኤ የሚባለው አዲስ ሊግ ሲቋቋም የመጀመሪያው ኮሚሽነር ሆኖ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ኳስ አስተዋወቀ፤ ሊጉም ከሩቅ ለሚገባ ኳስ ሦስት ነጥብ ሰጠ። ሌከርስ በ1960 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደዋል፤ ስማቸው ግን የሐይቆቹን ግዛት ሚኒሶታን ይዞ ቀርቷል። ማይካን በሰኔ 2005 ከረጅም የስኳር ሕመም በኋላ በአሪዞና ሲሞት የቀብሩን ወጪ የቻለው ሻኪል ኦኔል ነበር።

ይህን ዐይን ይዛችሁ የዛሬውን ጨዋታ ተመልከቱ። የዴንቨሩን ኒኮላ ዮኪች ውሰዱ፦ አይዘልም፣ አይሮጥም፣ በቁመቱም ከሌሎች ሴንተሮች አይለይም። እግሩን ካያችሁ ግን ሥራው ሁሉ እዚያ አለ፦ ያች አንድ እርምጃ፣ ያ ከትከሻ የማይወርድ ኳስ፣ ያ በሁለቱም ትከሻ መዞር።

በሚኒሶታ የምትኖሩ ወገኖቻችን ሚኒያፖሊስ ታርጌት ሴንተር ስትገቡ ማይካን ሁክ ሹት ሲወረውር የሚያሳየውን ሐውልት ታገኛላችሁ፤ አቋሙን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በየሰፈሩ ልጆች ቅርጫት ኳስ የምታለማምዱ ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የማይካንን ድሪል ለረጃጅሞቹ ብቻ አትተዉት፤ አጭሮቹንም አሠሯቸው፣ ሁሉንም በግራ እጅ አስጀምሯቸው።